ያልደረቀ ሙጫ

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በሦስት መቶ የታሪክ መጻሕፍት ላይ ከበላይ የመጣላትን ቁራጭ ወረቀት ስትለጥፍ ዋለች። ወረቀቱ «በዚያ ቀን አደባባዩ ላይ ማንም አልሞተም» ይላል። የሚሸፍነው አደባባዩ ላይ በጥይት የተገደሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ሰባተኛው የታላቅ ወንድሟ ነው። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ላይ ስሙን እያነበበች ለጠፈች። ኋላ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ለመደችው።

ቤቷ ስትገባ እናቷ ሦስት ሳህን ደርድረው ጠበቋት። ከሁለቱ በቀር በዚያ ቤት የሚኖር ሰው የለም።

«እማዬ፣ እንግዳ አለ እንዴ?»

«የምን እንግዳ? ወንድምሽ ነዋ! እጁን እየታጠበ ነው።»

«እሱ እኮ ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አብረን ቀብረነው የለ እንዴ?»

«ወግጂ፣ ሟርተኛ! ማን ሞተ ብሎሽ ነው?»

ጓዳ ውስጥ ሲወርድ የነበረው ውኃ ቆመ። ወንድሟ እጁን እያራገፈ ወጣ። በተገደለበት ቀን ጠዋት ከቤት ሲወጣ እንደነበረው የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላረጀም።

«እህቴ፣ ምነው ቆየሽ?» ብሎ ጥብቅ አድርጎ አቀፋት።

ሊለቃት ሲል ቀሚሷ ከሸሚዙ ጋር ተጣብቆ አስቸገረ። በግራ ደረቱ ላይ ያው ስትለጥፈው የዋለችው ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። ሙጫው ገና አልደረቀም፤ የወረቀቱ ጠርዝ ግን በደም መቅላት ጀምሯል።