ዘፈኑ አይፈጥንም

ድራሙ ሲገባ መዝፈኔን አቆምኩ። ባንዱ ሳያስተውል ትንሽ ተጓዘ። መጀመሪያ ቤዙ፣ ቀጥሎ ኪቦርዱ ዝም አለ። ድራመሩ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ብቻውን ሲደልቅ ቆየና ሰው እንደሌለው ሲገባው እሱም ተወ።

አዘጋጁ ከፊት ረድፍ ተነስቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ይህን ዘፈን በዚህ ፍጥነት እንደማልዘፍነው ነገርኩት።

ልምምዱ ለነገው የመታሰቢያ ዝግጅት ነው። ሟቹ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ፣ ጊታሩን ታቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚዘፍን ሰው ነበር። በሕይወቱ ሳለ ጋዜጦች "ሆደ ባሻው" ይሉት ነበር። ለስድብ አወጡለት፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። አሁን ዘፈኖቹን ሁሉ የጭፈራ ምት ሰፍተው ሊያለብሷቸው ነው።

አዘጋጁ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መድረክ እንዳገኝ ደጅ ሲጠናልኝ የከረመው እሱ ነው። አሁንም አልተቆጣም፣ እንደ ታላቅ ወንድም ሊያስረዳኝ ሞከረ።

"ሰው ትኬት ቆርጦ ለቅሶ አይደርስም፣ እህቴ" አለኝ።

ከኋላዬ ኪቦርዲስቱ ሳቁን በሳል አፈነው። እሱ የመጀመሪያ ዜማውን ሲያወጣ "ከሆደ ባሻው ሰርቀሃል" ቢሉት፣ "ከእሱ ያልሰረቀ ካለ እጁን ያውጣ" ብሎ የመለሰ ነው። ጊታሪስቱም ጣቶቹን የፈታው የሰውዬውን ካሴት ክሩ እስኪላላ ወደ ኋላ እየመለሰ ነው። ተለቃቅሞ እዚያ መድረክ ላይ የወጣው ሁሉ፣ በአንድም በሌላም፣ የእሱ ልጅ ነበር።

የእኔ ደግሞ እንዲህ ነው። ወንድሜ ሲሞት አባቴ ስሙ በቤታችን እንዳይነሳ ከለከለ። ጨክኖ አይደለም፤ ስሙ ሲጠራ ተነስቶ ከቤት ይወጣ ነበር። ፎቶው ከግድግዳ ወረደ፣ ልብሱ ለዘመድ ተሰጠ፣ እኛም እንዳልተወለደ ሰው ዝም አልነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳህን እያጠብኩ የጎረቤት ሬዲዮ ይህንኑ ዘፈን ይዞ በመስኮት ገባ።

ደጁ ሰው አላጣ፣ ሰው በሰው ሞልቶታል፤
አንድ ወንበር ብቻ፣ ቤቱን አጉድሎታል።

ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። መዝፈን የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አዘጋጁ ከሐሳቤ እንደማልመለስ ሲያይ የመጨረሻውን ካርድ አወጣ። ዘፈኑ ይፍጠን ያሉት የሟቹ ባለቤት መሆናቸውን ነገረኝ። እኔ ካልፈለግሁ የሚዘፍነው ሰው እንደማይጠፋም ጨመረ።

ሴትዮዋ አዳራሹ መሃል፣ ጫፉ የተላጠ ጥቁር ጫማ አጥልቀው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከመድረክ ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ።

"እትዬ፣ እውነት ነው?"

እውነት እንደሆነ አልደበቁኝም። ሰው ሁሉ ዘፈኑ ስለ ፍቅረኛ የተዘፈነ ይመስለዋል፤ ግን ወንበሩ የልጃቸው ነበር። ትምህርት ቤት ሳትገባ የሞተችባቸው ሴት ልጅ፣ አባቷ በእጁ የሠራላት፣ ወጥ ቤት ጥግ የምትቀመጥበት ትንሽ ወንበር። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንኳ አልተሰበረም።

"እሱ ዘፍኖት ወጣለት" አሉ። "እኔ ታክሲ ስገባ ዘፈኑ አለ፣ ፀጉር ቤት ስቀመጥ አለ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ሲጨፍርበት ላየው ብዬ ነው፣ ልጄ። ምናልባት ያልፍልኝ ይሆናል።"

እሺ ልላቸው ከንፈሬን አላቅቄ ነበር፣ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"እትዬ፣ በቤታችን ስለ ወንድሜ ያወራልን ይህ ዘፈን ብቻ ነው። ባፈጥነው እኔም ዝም አሰኘሁት ማለት ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ አላፈጥነውም።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"ወንድምሽ ማን ይባላል?"

ነገርኳቸው። ከሞተ ጀምሮ ስሙን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸውም አንዴ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚማሩት ቃል ደገሙት። ከዚያ ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ።

"እንግዲያው እንደያዝሽው ዝፈኚው። እኔ ግን እዚህ ተቀምጬ አልችለውም" ብለው ወደ መውጫው አመሩ።

ወደ መድረክ ተመለስኩ። አዘጋጁ ነገ እንደሌለሁበት፣ ስሜ ከዝግጅቱ እንደሚወጣ አስታወቀኝ። ነገን ነገ እናየዋለን፣ ዛሬ ማይኩ እጄ ላይ ነው አልኩት። ድራመሩ ዱላዎቹን እግሩ ሥር አስቀምጦ እጆቹን አጣጠፈ።

"እሷን ካወጣህ እኛንም ሰርዘን" አለው፤ የተቆጣ አይመስልም ነበር።

ጊታሪስቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ጀመረ። በዚያው በአሮጌው፣ እንደሚያነክስ ሰው በሚሄደው ፍጥነት። ገባሁበት። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አላረምኩትም፣ እየተንቀጠቀጠ ሄደ። ወንበሩ ያለበት ስንኝ ጋ ስደርስ ለማን እንደምዘፍን ጠፋኝ፤ ለወንድሜ ይሁን፣ ለማላውቃት ልጅ።

ከኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኞች ወሬና የባልዲ ድምፅ ይገባ ነበር። አዘጋጁ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ በሩን ሊዘጋ ሄደ። ገፋው፤ አልገጠመም። አሁንም ገፋው።

ጎንበስ ብሎ አየ። በበሩና በመቃኑ መካከል የአንድ ጥቁር የሴት ጫማ የተላጠ ጫፍ ገብቷል፤ ቢገፋም ንቅንቅ አላለም።