በታጨደው ማሳ ላይ

ወታደሮቹ ለጦርነቱ ወጣት ሊያፍሱ ከቆቦ በኩል ሲመጡ ማሽላው ታጭዶ ስለነበር፣ ኡሙሃኒ ወንድሟን የምትሸሽግበት አጣች። አብዱሰመድ ባዶው ማሳ መሀል በደረቱ ተኛ። እናታቸው «ያን ነገር ሰው ፊት እንዳታደርጊው» እያለች ነበር ያሳደገቻት። ኡሙሃኒ ግን «ቢስሚላህ» ብላ ተንበረከከችና መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች። ምድሩ ሞቀ። ከየጉቶው አገዳ እየተመዘዘ ወጣ፣ ከሰው ቁመት በላይ አደገ፣ ዛላም ጣለ። ነፋስ ሳይኖር ማሳው ሁሉ በቀስታ ተወዛወዘ።

ቀድሞ የደረሰው ለጋ ወታደር ሁሉንም አይቶ ቆመ። አለቃው ከኋላ፣ ከመኪናው ሆኖ «ሰው አለ ወይ?» ሲል ተጣራ።

«የለም ጓድ፣ ማሽላ ብቻ ነው» አለ ወታደሩ።

ኡሙሃኒ በሹክሹክታ «ለምን ዋሸህ?» አለችው።

ወታደሩ የጠመንጃውን የእንጨት ሰደፍ በጣቱ ዳሰሰ። ከደረቁ እንጨት ላይ አንዲት ለምለም ቅጠል ብቅ አለች።

«እኔም አፍሰው ካመጡኝ ጀምሮ ስደብቀው ነው የኖርኩት» አላት።

ከዚያም መሣሪያውን እግሯ ሥር አስቀምጦ ወደ ማሽላው ገባ፤ አገዳዎቹም ከኋላው ገጠሙ። ከውስጥ አብዱሰመድ «በዚህ በኩል ና፣ ወንድሜ» ሲል ተሰማት።