የትርንጎ መልክ በነጥብ

በነጥብ ብቻ መሣልን ፈረንጆች ይጀምሩት እንጂ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ቢጫና ሰማያዊ ነጥብ ጎን ለጎን ካስቀመጥኩ፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው ዓይኑ ራሱ አረንጓዴ ያደርገዋል። በዚህ ጥበብ የትርንጎን መልክ ሣልኩ። አባቷ ጋሼ ሙላት "ልጄን ለሠዓሊ አልድርም" ብለው ስለነበር ሐሳባቸውን የሚያስቀይረው ይህ ሥዕል ብቻ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ስለሆነች አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሸራው አፍንጫዬን እየነካኝ፣ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ጠቀጠቅሁ። ቢያንስ!

ወስጄ በረንዳቸው ላይ ሰቀልኩት። ትርንጎ ከጎኔ ቆመች፤ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

"ልጄ ኩፍኝ ይዟታል እንዴ?"

"ጋሼ፣ እንዲህ ተጠግተው አይደለም የሚታየው። ራቅ ይበሉ።"

ራቅ አሉ። "አሁን ደግሞ የተደፋ ምስር መሰለ።"

"ኧረ ይጨምሩ!"

ሦስታችንም ግቢውን አቋርጠን እስከ አጥሩ አፈገፈግን። ያን ጊዜ ነጥቦቹ ተሰባሰቡ። ሥራዬን ከሩቅ ሳየው እኔም የመጀመሪያዬ ነበር። መጀመሪያ ሰፊ ግንባር፣ ቀጥሎ ወፍራም ቅንድብ ብቅ አለ። ከከንፈሯ በላይ ጥላ ብዬ የጠቀጠቅኋቸው ነጥቦች ደግሞ ሪዝ ሆነው ቁጭ አሉ።

ጋሼ የራሳቸውን ሪዝ ዳበሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"እኔን እኮ ነው! ወይ ልጄ፣ እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ማን አለ? በል ሽማግሌ ላክ፣ ሰጥቼሃለሁ!"

ትርንጎ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ጀርባዋ የአጥሩን ቆርቆሮ ነክቷል።

"እኔስ የታለሁ?"

"ትንሽ ወደ ኋላ ሂጂ" አልኳት።