የሚጣ መኪኖች ወዴት ሄዱ

እስቲ ጠጋ በሉ። ወሬው አጭር ነው፤ ሥራ አያስፈታም።

አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሹፌር። ተራራ ሲወጣ፣ ቁልቁለት ሲወርድ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎማው ከመንገድ አልወጣም። በኋላ ግን ዓይኑ ከዳው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጡ» ሲለው እንደ መርዶ ሰማው። ትንሿ የቤት መኪናው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ጣለች፤ ሌላ ምን ልበላችሁ!

የቀረችው ደስታ የልጁ ልጅ ናት። ሚጣ ይሏታል። ዕድሜዋ አምስት፣ ምላሷ ግን የሃምሳ ዓመት ነው። እናቷ ዳቦ ቤት ሥራ ስትገባ ጠዋት ጠዋት አምጥታ ትተዋታለች። ሚጣም አያቷ ጉልበት ላይ ትወጣና በመስኮት የምታየውን ትነግረዋለች።

«አባባ፣ ሰማያዊ አውቶቡስ መጣ። አባባ፣ አንዱ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈ!»

«ባለጌ ነው!» ይላል ሽማግሌው። ዓይኑ እሷ ናት እንግዲህ።

ታዲያ ይህች ልጅ ነፍሷ ከትንንሽ መኪኖች ጋር ነው። በጫማ ካርቶን ሞልታ ይዛቸው ትዞራለች። አንድ ቀን፣ አፍ አያርፍም አይደል፣ ሽማግሌው እንዲህ አለ፦

«ሚጣዬ፣ መኪና እኮ የወንድ ነው። ሴት ማርሽ ስትቀይር አምሮባት አይቼ አላውቅም።»

ሚስቱ፣ ሚጣ እማማ የምትላት፣ ድስት ታማስል ነበር። ማንኪያዋ ቆም አለ። ከዚያ ማማሰሏን ቀጠለች።

በነጋታው ባለ ረጅም ፀጉር አሻንጉሊት ገዝታ መጣች። «እንቺ ሚጣ፤ ይቺን እሹሩሩ በያት።» ሽማግሌው «ተግባባን!» ብሎ ደስ አለው።

በዚያው ሰሞን ቀይዋ መኪና ጠፋች። ቀጥሎ አውቶቡሱ። ቀጥሎ ቢጫው የጭነት መኪና። ሚጣ ካርቶኑን ገልብጣ እዬዬ አለች።

«አባዬ፣ የት ደበቅክባት?» አለች ልጁ፣ የዳቦ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ።

«እኔ? የሰው ሚስማር አንስቼ አላውቅም!»

«መኪና የወንድ ነው ያለው ማን ነው ታዲያ? ጎረቤት ነው?»

ሚጣ አኮረፈችው። አሻንጉሊቷን አቅፋ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። መስኮቱ አለ፣ መንገዱ አለ፤ የሚነግረው ግን የለም። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ጨለማ የመጣው።

ሽማግሌው ሌባውን ሊይዝ ማለ። ዓይን ባይኖር ጆሮ አለ። አንድ ቀን ሚጣ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ማድ ቤት ውስጥ ትርርር የሚል ድምፅ ሰማ። ዘው አለ። ጠረጴዛውን በእጁ ዳሰሰ። መሃል ላይ የጨው ዕቃ፣ ዙሪያውን በአራት አቅጣጫ የተደረደሩ ማንኪያዎች፣ ከአንዱ ማንኪያ አጠገብ ደግሞ ከጠፉት መኪኖች አንዷ!

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«ማንኪያ እያደረቅሁ» አለች ሚስቱ።

«መኪናዋስ?»

«እሷም ቆሽሻ ነው።» ከእጁ ላይ ላጥ አደረገቻት።

ይኸው ሌባዋ! ልጅቷን ከመኪና ልትነጥላት ነዋ። እሱ የለፈለፈውን እሷ ሥራ ላይ አዋለችው። «ተይ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅቷ በወደደችው ትጫወት። ጥፋቱ የእኔ ነው። መልሺላት።»

«እስከ አርብ ታገሠኝ።»

«አርብ ምን አለ?»

«አርብ አለ።»

ሰሞኑን ደግሞ መውጣት አብዝታለች። የታመመች ጓደኛ ልጠይቅ እያለች፣ ነጠላ ጫማዋን ትታ ሽፍን ጫማ አጥልቃ፣ ውልቅ። ያቺ ጓደኛ አትድን፣ አትሞት! መካኒክም ግቢ መጥቶ ሲቀጠቅጥ ዋለ። ሽማግሌው ሲጠይቃት፣ «መኪናዋን ዝገት ከሚበላት የሚነዳት ሰው አግኝቻለሁ» አለችው። ሸጠችብኝ ብሎ ሆዱ ባባ። ግን ዓይን የሌለው ሰው መኪና ምን ያደርግለታል?

አርብ ጠዋት መካኒኩ መኪናዋን አስነስቶ ወሰዳት። ሚስቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለችው፤ ቦርሳው ውስጥ የሚጣ መኪኖች ሲንቋቁ ሰማቸው። የሚጣንም አብራ ልትሸጣቸው ነው አለ በልቡ።

ግድግዳውን እየዳበሰ ሚጣ ጥግ ድረስ ሄደ።

«ሚጣዬ፣ አባባ ተሳስቷል። መኪኖችሽን አስመልሳለሁ። ማርሽም አስተምርሻለሁ። መኪና የወንድ አይደለም።»

ሚጣ አሰበች። «የማን ነው ታዲያ?»

«የሚነዳው ሰው ነው።»

እጁን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችውና ጉልበቱ ላይ ወጣች። አሁንማ ዓለም ተመለሰችለት!

«አባባ፣ ብስክሌት አለፈ። አባባ፣ ነጭ መኪና እየመጣች ነው። ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ።»

«ፍሬቻ አሳየች?»

«አሳየች። ወደ እኛ በር ልትታጠፍ ነው።»

ሽማግሌው ጆሮውን አቆመ። ያንን ሞተር፣ ያንን ሳል እንኳን ነቅቶ በእንቅልፉም ያውቀዋል። የራሱ መኪና ናት። ማርሿ ምንም ሳይንቋቋ እንደ ቅቤ ገባ።

«ይሄስ ሹፌር ነው» አለ ሳይወድ በግዱ። «የገዛት ሰውዬ ምን ይመስላል?»

ሚጣ ከጉልበቱ ላይ ዘላ ወረደች።

«ሰውዬ አይደለም እኮ አባባ፤ እማማ ናት!»

የጨው ዕቃው አደባባይ፣ ማንኪያዎቹ መንገድ፣ የታመመችውም ጓደኛ የመንጃ ትምህርት ቤት መሆናቸው ያን ጊዜ ገባው።