የዘሩ ቋጠሮ

ነገ የዘሩ የአርባ ቀን ተዝካር ነው። ስሙ ተቀርጾበት ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የናስ መስቀል ግን ገና ከወገቡ አላለፈም፤ ክንዱ የሚባለው አንጥረኛ የመጨረሻዋ የመጋዝ ምላጭ እጁ ላይ ተሰበረችበት። ያቺን ፀጉር የምታህል ምላጭ ከጂቡቲ ድረስ ወደ ቡሬ የሚያመጣት ዘሩ ራሱ ነበር። እሱን ደግሞ ጣሊያን ከከተማው መግቢያ ድልድይ ላይ ገደለው፤ ክንዱም በገዛ እጁ አፈር አለበሰው።

ገበያው ላይ ያልጠየቀው ሱቅ የለም። የመጨረሻው ባለሱቅ፣ «የሱ ዓይነት ቀርቷል ጌታው፤ ሠሪዎቹም ትተውታል» አለው። የሰዓት ሞላ በሞረድ ጥርስ አውጥቶለት ሞከረ፤ ናሱን ቧጨረው እንጂ አልቆረጠውም። ለዘሩ እናት ምን ብሎ ይንገራቸው? ሌላ ልጅ የላቸው!

ቤቱ ሲገባ፣ መሥሪያው ላይ አንድ እስር ምላጭ ተቀምጧል። በቀይ ክር ሦስት ዙር ተቋጥሯል፤ ዘሩ እንደሚቋጥረው።

«ማን አመጣው?» አላት ሚስቱን። እማዋይሽ ከሊበን ተድራ ከመጣች ሳምንቷ ነው፤ የቡሬን ሰው ገና አታውቅም።

«አንድ እንግዳ ናቸው። ይግቡ ብላቸው፣ ‹ልብሴ አፈር ነው› ብለው ከደጅ ቆሙ። መልእክትም አለዎት፦ ‹ስሜን ጎላ አድርጎ ይቅረጸው፤ እናቴ ዓይኗ ደክሟል› ብለዋል።»

ክንዱ ቀዩን ቋጠሮ በጣቱ ዳሰሰው።

«ለመሆኑ ማን ይባላሉ?» አለችው።