ከሴቶቹ በኩል የበራው

ባለቤቴ ዋፊቃ ካረፈች ወዲህ ፎቶ ያነሳሁበት የመጀመሪያው ሰርግ ነበር፤ ጀጎል ውስጥ፣ በ1995። የጀጎል ቤት በቀንም ጨለም ይላል። ድሮ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳነሳ፣ እሷ ከሴቶቹ መሃል ሁለተኛውን ፍላሽ ከፍ አድርጋ ትይዝልኝ ነበር። የኔ ሲበራ የሷም አብሮ ይበራል። ራሷ ግን መነሳት አትወድም ነበር፤ አንድም ፎቶ የላትም። ትንሿ ልጃችን "እማዬ ምን ትመስል ነበር?" ባለችኝ ቁጥር የማሳያት አጣለሁ።

ያን ቀን ሁለተኛውን ፍላሽ ቤት ቆልፌበት ነው የሄድኩት። ሙሽራዋን ሳነሳ ግን ከግራዋ በኩልም በራ። ደግሜ አነሳሁ፤ አሁንም በራ።

"ሌላ ፎቶ አንሺ ጠርታችኋል እንዴ?" አልኩ።

የሙሽራዋ አክስት ናፊያ ሳቀች። "ወላሂ፣ ሴቶች መሃል አንተን አንዱን ወንድ የቻልንህም በግድ ነው!"

ካሜራውን ከሙሽራዋ ላይ አንስቼ ወደ ግራው ጥግ አዞርኩ።

"አቦ አደም! እዚያ እኮ ግድግዳ ነው" አለች ናፊያ። "ሙሽራዋ እዚህ ናት!"

የዋፊቃን መልክ እንዳላበላሽ ትንፋሼን ያዝኩ።

ጣቴ ገና ሳይጫን ጥጉ በራ። ናፊያ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።