ከገጹ ግርጌ፣ በስተግራ

«አይሆንም» አለ እንድርያስ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት እየጎተተ። «ዛሬ የሥራ ልምድ ብጽፍልሽ ነገ ባዶ ወንበር ታቅፌ ልቀር ነው። ሞኝ መሰልኩሽ እንዴ?»

ሐዳሳ ተረፈ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለችው በዚህች የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አራት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ጽፋለች። በአራት ዓመት ውስጥ ለራሷ የጠየቀችው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ የቤቱ ባለቤት እንድርያስ እሱኑ ነፈጋት። ከመንገዱ ማዶ ያለው የውሃ ፕሮጀክት ቢሮ ጸሐፊ ይፈልጋል። ማስታወቂያው ዲፕሎማና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል፤ ዲፕሎማውስ አላት። ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሲሆን አሁን ለአሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ነው።

የሚገርመው፣ ሳምንቱን ሙሉ የዚያኑ ቦታ ማመልከቻ ስትጽፍ የከረመችው እሷው ናት። ከሾኔ የመጣው፣ ከዱራሜ የመጣችው፣ ሁሉም ፊቷ በርጩማው ላይ ቁጭ ይልና «እህቴ፣ ከእግራችሁ ሥር ወድቄ እለምናለሁ የምትለዋን እንዳትረሺ» ይላታል። እሷ ደግሞ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። «ሥራ ነው የምትጠይቀው ወይስ ምጽዋት? መጀመሪያ የምትችለውን ንገራቸው!» ትላለች። እንደ መርማሪ አፋጥጣ ከአንዷ የመዘምራን ስም ዝርዝር መያዟን፣ ከሌላው የእድር ቃለ ጉባኤ መጻፉን ፈልፍላ ታወጣለች። ሰዉም ከገባበት ቁመት አንድ ስንዝር ጨምሮ ይወጣል።

አሁን ለራሷ ነጭ ገጽ ከፈተች። ጣቶቿ ሳታዛቸው «በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» ብለው ሲጽፉ በራሷ አፈረች፤ ሁሉንም ደምስሳ «ጸሐፊ ነኝ» ብላ ጀመረች።

እንድርያስ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አነበበ።

«ሙያ በልብ ነው፣ ሐዳሳ። ሰው ራሱን በራሱ አያመሰግንም።»

«በልብ ያለ ሙያ ከማመልከቻ ጋር አይያያዝም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ልታያይዢ ነው? እኔ እንደሆንኩ አልፈርምም።»

ይቺ ጥያቄ አቆመቻት። እውነቱን ነው፤ ማስረጃ ያልተያያዘበትን ማመልከቻ የቢሮው መዝገብ ቤት ሠራተኛ በመስኮት መልሳ ትሰጣለች። ሐዳሳ ንዴቷን ለማብረድ በሳምንቱ ለዚያ ቦታ የጻፈቻቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። የሾኔው ልጅ፣ የዱራሜዋ ልጅ፣ የመዘምራኗ። በሁሉም ላይ፣ ከገጹ ግርጌ በስተግራ፣ ሁለት ትንንሽ ፊደላት አሉ፦ ሐ/ተ። የጻፈ ሰው የስሙን መነሻ ያሰፍራል፣ ለስሕተቱም ለሙያውም እሱው ይጠየቃል ብለው ያስተማሯት የኮሌጅ መምህርቷ ናቸው። እንድርያስ «ማን አየውና!» እያለ ሲስቅባት ኖሯል። ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ አንድ ሆኑ።

ወገቧን አቃናችና ጻፈች።

«የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ አሠሪዬን ጠይቄ ተከልክያለሁ። ማስረጃዬ ግን ቀድሞኝ እናንተ እጅ ገብቷል። ለዚህ የሥራ መደብ ከቀረቡላችሁ ማመልከቻዎች ሠላሳ አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከገጹ ግርጌ በስተግራ ሐ/ተ የሚለውን ተመልከቱ። አንድ ስሕተት ካገኛችሁ ለፈተና አትጥሩኝ።»

የእንድርያስ ፊት ጠቆረ። «ተከልክያለሁ ያልሽው እኔን ነው?»

«ስምህን አልጠራሁም። ግን ውሸት ነው?»

በዚህ መሀል በሩ ተበረገደ። አንዲት ልጅ ሂጃቧ አቧራ ለብሶ፣ ላስቲክ ፋይሏን ደረቷ ላይ አጣብቃ እያለከለከች ገባች።

«ሀያት እባላለሁ፣ ከቦኖሻ ነው የመጣሁት። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶብን… የጸሐፊነቱ ቦታ ተዘጋ እንዴ?»

የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ከአምስት ይላል። የእንድርያስ ፊት ወዲያው በራ። «ግቢ፣ ግቢ፣ አሁኑኑ ትጽፍልሻለች!» ካለ በኋላ ወደ ሐዳሳ ጎንበስ ብሎ ሹክ አላት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።»

የ«እለምናለሁ»ዋን አሮጌ ደብዳቤ ስም ቀይራ ብትሰጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም። ልጅቷም አመስግና ትሄዳለች። ሐዳሳ ይህን አሰበችው፤ ማሰቧም አስጠላት።

«ተቀመጪ። ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ምንም።»

«ምንም ያልሠራ ሰው የለም። ቶሎ በይ።»

ሀያት አንገቷን ደፋች። «ጎረቤቶቼ… ደቡብ አፍሪካ ላሉት ልጆቻቸው የሚልኩትን መልእክት እኔ ነኝ የምጽፍላቸው። እነሱ ይነግሩኛል፣ እኔ አሳጥሬ እጽፋለሁ። ሰባት ቤት ናቸው፤ እንደምጽፍላቸው ፈርመው ሰጥተውኛል። የአንዱን ምሥጢር ለሌላው ተናግሬ አላውቅም። ግን እሱ ሥራ ነው?»

«ከዚህ በላይ የጸሐፊ ሥራ ምን አለ?» አለች ሐዳሳ፤ ጣቶቿ አስቀድመው መሮጥ ጀምረው ነበር። ደብዳቤው ጥሩ ሆነ። ከራሷ ደብዳቤ ጋር እንደሚወዳደር ታውቃለች፤ አንዲት ቃል ግን አልቀነሰችለትም። ፕሪንተሩ ከግርጌው ሐ/ተ የሰፈረበትን ገጽ አውጥቶ ሲሰጣት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ሆኗል።

ሀያት ፈርማ ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ የተመለሰውን የሐዳሳን ገጽ አየች። አነበበችው፤ ክው አለች።

«አንቺም ለዚያው ቦታ ነሽ? ታዲያ የኔን ለምን እንዲህ አሳመርሽው?»

ሐዳሳ ወደ ገጿ ተመለሰች፤ ያልታረመ አንድ ቁጥር ነበረባት። «ሠላሳ አንዱን» የሚለውን ደመሰሰችና «ሠላሳ ሁለቱን» ብላ ጻፈች።